ጨቋኝ ለምን ይወደዳል?



«ፋሺስት» የሚለውን ቃል በአገራችን የማያውቅ የለም። አያቶቻችን ወራሪውን ጣልያን በዚህ ስም ጠሩት። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የደርግ ተቃዋሚዎች ደርግን «ፋሺስት» አሉት። ዛሬም ሁለት ሰዎች በፖለቲካ ሲከራከሩና ክርክሩ ወደ ጠብ ሲያመራ ይኸው ቃል ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲወረወር እንሰማለን። ቃል ስድብ ከሆነ በኋላ ግን ማስረዳቱን ያቆማል። የጠላነው ሰው መጠሪያ ብቻ ይሆንና ስለ ራሳችን አንዳች ነገር ሳይነግረን ይቀራል።

ስለዚህም ነው ስለ ፋሺዝም በተነሳ ቁጥር «ምን አደረጉ?» ብለን የምንጠይቀው። ይህን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ያለቁበትን እልቂት ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው «ይህን ያደረጉ መሪዎች ለምን ተወደዱ?» የሚለው ነው። መፈራታቸው አያስገርምም፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይፈራል። እነዚህ ግን ተወደዱ። ሰው ልጁን በስማቸው ጠራ፤ ፎቶግራፋቸውን በሳሎኑ ሰቀለ፤ ንግግራቸውን ለመስማት ቤተሰቡን በሬዲዮ ዙሪያ ሰበሰበ። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጥያቄ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እንመለከታለን። ከዚያም ነገሩን ወደ ራሳችን ቤት እናመጣዋለን፤ የሚያመጣ ምክንያት አለና።

አስቀድመን ግን አንድ ቀን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አገራችንን ከወረረች ገና ሦስት ወር አልሞላም። የመንግሥታት ማኅበር በወራሪዋ ላይ ማዕቀብ ከጣለ ልክ አንድ ወሩ ነው። በዚያ ቀን በሮም ከተማ፣ በማይታወቀው ወታደር መቃብር ፊት ለፊት፣ የጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ከጣታቸው እያወለቁ ለመንግሥት ሰጡ። የመጀመሪያዋ ንግሥት ኤሌና ነበረች። ከእርሷ በኋላ የሹማምንት ሚስቶች፣ ባሎቻቸው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱባቸው ሴቶች፣ ልብስ አጣቢዎችና ገበሬዎች ተሰለፉ። በወርቁ ምትክ የብረት ቀለበት ይሰጣቸው ነበር። በመላው አገሪቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ይህን አደረጉ። ፋሺስቶችን ሲቃወም የኖረው ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳሊያውን ሰጥቷል።

እናቶች ሆይ፣ እስቲ አስቡት። የጋብቻ ቀለበት ከድሃ ቤት የሚወጣው መጨረሻ ነው። ያች ሴት ቀለበቷን ያወለቀችው ማንም ጠመንጃ ደግኖባት አይደለም። አዎን፣ ጎረቤት ያያል፤ ያልሰጠችው ትታማለች፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ እያለቀሱና እየኮሩ እንደሰጡ የዘመኑ ሰዎች መስክረዋል። በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ በተከዜ በኩል፣ የጣልያን አውሮፕላኖች በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ማፍሰስ ጀመሩ። የአንዲት እናት ቀለበትና የሌላይቱ እናት ልጅ ቆዳ መቃጠል በአንድ ወር ውስጥ ተገናኙ። ሰጪዋ ይህን አላወቀችም እንበል። ብታውቅስ ኖሮ ታስቀረው ነበርን?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ድህነት ነው» የሚል ነው። ሰው ሲራብ የመጣለትን ሁሉ ይከተላል ይባላል። በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለበት፤ ግን ጎደሎ ነው። የጀርመንን ነገር ብንመለከት፣ የሂትለር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1928 ምርጫ ያገኘው 2.6 ከመቶ ድምፅ ብቻ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ከተናጋ በኋላ፣ በ1930፣ ወደ 18.3 ከመቶ ዘለለ። ሥራ ፈቱ ስድስት ሚሊዮን በደረሰበት በ1932 ሐምሌ ላይ ደግሞ 37.3 ከመቶ ሆነ። እስከዚህ ድረስ የድህነት ክርክር ያስኬዳል። ነገር ግን ሥራ ያጣው ሠራተኛ ራሱ ይበልጥ የመረጠው ኮሙኒስቶችን ነበር። ለሂትለር በብዛት ድምፃቸውን የሰጡት የትናንሽ ከተማ ባለሱቆች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ጸሐፊዎችና ባለመሬት ገበሬዎች ናቸው። እነዚህ አልተራቡም። የፈሩት ዝቅ ማለትን ነው። ትናንት «ጌታው» ይባል የነበረ ሰው ነገ «አንተ» እንዳይባል መፍራት ከረሃብ የማይተናነስ ኃይል አለው። የተራበ ሰው ዳቦ ይጠይቃል። ዝቅ ማለትን የፈራ ሰው ግን ከእርሱ በታች የሚሆን ሌላ ሰው ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ ሙሶሊኒም ሂትለርም በነፃ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው አልነበረም ሥልጣን ላይ የወጡት። የሙሶሊኒ ሰዎች በ1921 ምርጫ ከ535 የምክር ቤት ወንበሮች ያገኙት 35 ብቻ ነበር። በ1922 ጥቅምት ሥልጣኑን በእጁ ያስረከበው ንጉሡ ነው። ሂትለርንም በጃንዋሪ 1933 የሾሙት ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ናቸው። ባለመሬቶቹ፣ ባለፋብሪካዎቹና አዛውንቶቹ ፖለቲከኞች «እኛ እንጠቀምበታለን እንጂ እርሱ አይጠቀምብንም» ብለው ገመቱ። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ስለ ትንሹ ሰው ነው።

ስለ ትንሹ ሰው ከተጻፉት ሁሉ በእኔ ግምት የሚበልጠው ሚልተን ሜየር የተባለ የቺካጎ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ነፃ ነን ብለው አስበው ነበር» እንደማለት ነው። በ2017 ዳግመኛ ታትሟል። ሜየር የጀርመን ዝርያ ያለው አይሁዳዊ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ሄደና የቀድሞ የናዚ ፓርቲ አባላት ከነበሩ አሥር ሰዎች ጋር ተወዳጀ። ለከተማይቱ ክሮነንበርግ የሚል የብዕር ስም ሰጣት። ከአሥሩ አንዳቸውም የታወቀ ሹም አልነበሩም። ልብስ ሰፊ፣ እንጨት ሠራተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ገንዘብ ሰብሳቢ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ ፖሊስ፣ አስተማሪ፣ ተማሪ የመሳሰሉ ነበሩ። ሜየር ቡና እየጠጣ፣ ስለ ልጆቻቸው እየጠየቀ፣ ወራትን ከእነርሱ ጋር አሳለፈ። አይሁዳዊ መሆኑን ግን አልነገራቸውም።

ከእነዚህ ሰዎች አፍ ያገኘው ነገር አንባቢን ያስደነግጣል። ጸጸት ፈልጎ የሚያነብ ሰው አያገኝም። ከአሥሩ ውስጥ ናዚዝምን እኛ በምናይበት ዓይን በከፊል እንኳ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አስተማሪው ነው። ለሌሎቹ ያ ዘመን የሕይወታቸው ምርጥ ዘመን ነበር። ሥራ ነበር። ልጆች ከመንገድ ተሰበሰቡ። ከዚያ በፊት የባለጠጋ ብቻ የነበረው የዕረፍት ጉዞ ለሠራተኛ ቤተሰብ ደረሰ። ሰው እርስ በርሱ ሰላም ይባባል ነበር። አይሁዶቹስ? ያንን ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ ወይም መሪው አያውቅም ነበር፤ ወይም ነገሩ ተጋኗል ይላሉ። ልብስ ሰፊው ሱቁ ከከሰረበት በኋላ በፓርቲው ሰበብ በአንድ ትምህርት ቤት የጽዳትና የጥበቃ ሥራ ያገኘ ሰው ነው። ቡናማውን የፓርቲ መለዮ ሲለብስ በከተማው ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938 የከተማይቱ ምኩራብ ሲቃጠል እጁ እንዳለበት ተፈርዶበት ታስሯል። ከእስር ወጥቶ ከሜየር ጋር ሲነጋገር ግን የሚያስታውሰው ያንን መለዮ የለበሰበትን ቀን ነው።

ይህን ልብስ ሰፊ ሰይጣን አድርጎ ማየት ይቀላል። ሜየር ግን እንዲያ አላደረገም፤ የመጽሐፉ ብርታትም እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊውን የምናውቀው ሰው አድርጎ ያቀርብልናል። እውነትም እናውቀዋለን። በየሰፈራችን ችሎታው የማይታይለት፣ ስሙን በክብር የሚጠራ ያጣ፣ ልጆቹ ፊት ያፈረ ሰው አለ። ያን ሰው አንድ ሰው መጥቶ «አንተ ከታላቅ ሕዝብ የተወለድህ ነህ፤ የተዋረድከው በእነዚያ ምክንያት ነው» ቢለውና መለዮ ቢሰጠው ምን ያህሉ እምቢ ይላል?

ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገሩ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ግን ልብስ ሰፊውን አይደለም። አንድ ምሁር የተናገረበትን ክፍል ነው የሚጠቅሱት። ያ ምሁር ነገሩ ሁሉ ጥቂት በጥቂት እንደመጣ ያስረዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው በጥቂቱ ብቻ የባሰ ስለነበር፣ ሰው ለመቃወም ትልቁን እርምጃ ሲጠብቅ ጊዜው አለፈ ይላል። ክፍሉ ድንቅ ነው፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ስለ መጽሐፉ ያለኝ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን የተናገረው ከአሥሩ አንዱ አይደለም። አሥሩ «ጥቂት በጥቂት ተሳብን» አላሉም። እነርሱ «ተሰጠን» ነው ያሉት። ሥራ ተሰጠን፣ ክብር ተሰጠን፣ ጉዞ ተሰጠን ብለዋል። «ሳላውቀው ደረሰብኝ» የሚለው የተማረው ሰው ሰበብ ነው። አንባቢም የተማረ ስለሆነ ይህን ሰበብ ይወድለታል። ፋሺዝምን እንደ ጎርፍ አድርገን ካየነው ሁላችንም ተወሳጆች እንሆናለን፤ የወሰደ ሰው አይኖርም። ልብስ ሰፊው ግን አልተወሰደም። ዋጋውን ተቀበለ።

ሌላም ጉድለት አለው። ከአሥሩ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። ቀለበቷን የሰጠችው፣ ልጇን የደንብ ልብስ አልብሳ ወደ ሰልፍ የላከችው እናት አልተጠየቀችም። ቤተሰብ ውስጥ ምን እንደተባለ፣ ማታ በገበታ ላይ አባት ሲናገር እናት ምን እንደመለሰች አናውቅም። ከተማይቱም ፋብሪካ የሌላት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናትና ስለ ጀርመን ሁሉ ልትመሰክር አትችልም። ሜየር ራሱም ማንነቱን ደብቆ የተወዳጀ ወዳጅ ነው። አይሁዳዊ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እርሱም፣ እኛም አናውቅም።

ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ናዚ ያልነበረ ሰው ነው። አንድ የኬሚካል መሐንዲስ ለሜየር ታሪኩን አጫውቶታል። በ1935 በመሥሪያ ቤቱ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽም ታዘዘ። እምቢ ካለ ሥራውን ያጣል። ሥራውን ካጣ ደግሞ በኋላ ለተሰደዱት መደበቂያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በልቡ እየካደ በአፉ ማለ። እውነትም በኋላ ብዙ ሰው በቤቱ ደብቆ አድኗል። ታዲያ ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ምን አለ መሰላችሁ? ዓለም የጠፋችው እኔ በማልኩበት ቀን ነው፤ እንደ እኔ የተማሩና የተከበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ቀን እምቢ ብለው ቢሆን ኖሮ የሚደበቅ ሰው ባላስፈለገ ነበር የሚል ሐሳብ ነው የተናገረው። እኛ ጀግና የምንለው ሰው ራሱን በዚህ ይከሳል። በሃይማኖታችን ልቡ በእምነት ጸንቶ ሳለ የተገደደ ሰው በአፉ ለተናገረው እንደሚማር እናውቃለን፤ የዐማር ኢብን ያሲር ታሪክ የታወቀ ነው። ዐማር ግን ሲናገር በሥቃይ ላይ ነበር። ሥራ ማጣት ሥቃይ ነውን? ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ቶሎ አይመልስ።

ውድ አንባቢያን፣ ቁርኣን ስለ ፊርዐውን ደጋግሞ የሚነግረን ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? በልጅነታችን በመድረሳ ስንማር ፊርዐውንን ባሕር የበላው ጨካኝ ብቻ አድርገን ነው የያዝነው። አንቀጾቹን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ግን ስለ ተከታዮቹም ብዙ ነገር ያገኛል። በሱረቱል ቀሶስ መጀመሪያ ላይ ፊርዐውን በምድሪቱ ላይ እንደኮራ፣ ነዋሪዎቿንም ጭፍራ ጭፍራ አድርጎ ከፋፍሎ አንደኛውን ክፍል እንዳዋረደ ተነግሮናል። ሌሎቹ ያልተዋረዱ ሆነው መገኘታቸው ምንዳቸው ሆነ ማለት ነው። በሱረቱ-ዝ-ዙኽሩፍ ደግሞ የምስርን ግዛትና የወንዞቹን ነገር እየጠራ ለሕዝቡ ይፎክራል፤ ሕዝቡንም አቅልሎ እንዳያቸውና እንደታዘዙት ይነገረናል። ሕዝቡ የተናቀው በዚያው በሚያስፎክረው ንግግር ነው። ሙሶሊኒ ከሮም ሰገነት ላይ ሆኖ ስለ ጥንታዊቷ ሮም ሲደነፋ ከታች ያጨበጨበው ሕዝብም ያልተረዳው ይህንኑ ነበር።

በሱረቱል አዕራፍ ድግምተኞቹ ወደ ፊርዐውን ሲመጡ የመጀመሪያ ንግግራቸው ምን ነበር? ካሸነፍን ዋጋ አለን ወይ የሚል ነው። እርሱም ዋጋ ብቻ ሳይሆን ባለሟልነትም እንደሚያገኙ ነገራቸው። ልብስ ሰፊውን አስታወሳችሁን? በሱረቱ ጋፊር ደግሞ ፊርዐውን ሙሳን ሊገድል ሲነሳ ያቀረበው ምክንያት ሃይማኖታችሁን ይለውጥባችኋል፣ ወይም በምድር ላይ ጥፋት ያሰራጫል ብዬ እፈራለሁ የሚል ነበር። ልብ በሉ። ጨቋኙ የሃይማኖት ጠባቂና የሰላም አስከባሪ ሆኖ ነው የቀረበው። ከዚህ ወዲህ የመጡት ሁሉ ከዚህ የተለየ ንግግር አላመጡም። በዚያው ሱራ ውስጥ ከፊርዐውን ቤተሰብ የሆነ፣ እምነቱን ደብቆ የኖረ አንድ ሰው ተነስቶ ሲናገር እናያለን። ያም ሰው እንደ መሐንዲሱ ደብቆ ኖሯል። ልዩነቱ ሙሳ ሊገደል ሲመከር ዝም አለማለቱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

በአንዳንድ የሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከአያቶች የተወረሰ አንድ ንግግር አለ። «ጣልያን ለእስልምና ጥሩ ነበር» ይባላል። ሰው ፊት አይነገርም፤ በቤት ውስጥ ግን ይነገራል። ይህ ንግግር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጣልያን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መስጂዶች ሠራ፤ አሠራ። በሙስሊም አካባቢዎች ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገ። ለሐጅ የሚሄዱትን ረዳ። በጅማም የአባ ጅፋርን ወገን መልሶ ከፍ አደረገ። ይህን ሁሉ ያደረገው ደግሞ ከዚያ በፊት ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ እንደ እንግዳ ይጠራ በነበረበት፣ በብዙ ቦታ የመሬት ባለቤት መሆን ባልቻለበት አገር ነው። በዓሎቻችን በመንግሥት የታወቁት እንኳ ከሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰልፍ በኋላ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ በ1928 ዓ.ም. ለኖረ አንድ ሙስሊም ነጋዴ «ና፣ ስገድ፤ መስጂድህ ይኸው» ማለት ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። አያቶቻችንን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ያንን ረሃብ ያልቀመሰ ነው።

ሆኖም የሰጪውን ፊት ማየት ግዴታችን ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 በሊቢያ፣ ሰሉቅ በተባለ ስፍራ፣ በዕድሜ የገፉ የቁርኣን መምህር በአደባባይ ተሰቀሉ። ዑመር አል-ሙኽታር ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በፊት የጣልያን ሹማምንት የሰኑሲያን ዛዊያዎች ዘግተው ንብረታቸውን ወርሰው ነበር። የአረንጓዴው ተራራ ነዋሪ የሆነ ወደ መቶ ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ከነከብቱ ወደ በረሃ ካምፖች ተነድቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠር አልቋል። ይህን የመራው ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። ያው ግራዚያኒ በኋላ በኦጋዴን በኩል በእኛ ላይ ዘመተ፤ በአዲስ አበባም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆኖ ተቀመጠ። በሊቢያ ዛዊያ የዘጋ እጅ በኢትዮጵያ መስጂድ ከፈተ። እስልምና በዚያ የተቃውሞ ኃይል ስለነበረ ተዘጋ፤ በዚህ ደግሞ አንዱን ወገን ከሌላው ለመለየት ስለጠቀመ ተከፈተ። መስጂዱን የሠራበት ሐሳብና ዛዊያውን የዘጋበት ሐሳብ አንድ ነው።

ቀኖቹንም ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጭፍጨፋው ተጀመረ፤ ሦስት ቀንም ቆየ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1937፣ ሙሶሊኒ በትሪፖሊ አጠገብ በፈረስ ላይ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ከፍ አድርጎ አሳየና ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ ብሎ አስታወቀ። ሰይፉ የተሠራው በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ነው። ራሱ አሠርቶ ለራሱ አሸለመው ማለት ይቻላል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ተረሸኑ፤ ከዲያቆናቱ ጋር ጣልያን ራሱ ያመነው ቁጥር ከ400 በላይ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ለዚህ ሥራ የተመረጡት ሙስሊም የሆኑ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። ክርስቲያን ወታደሮች እምቢ ይሉ ይሆናል ተብሎ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንቀጽ ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። የዑመር አል-ሙኽታር ገዳይ፣ የዑመር አል-ሙኽታርን የሃይማኖት ወንድሞች፣ መነኮሳት ማስገደያ አደረጋቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው ባሉ ጊዜ ሰሐቦች በዳዩን እንዴት እንረዳዋለን ብለው ጠይቀው፣ ከበደል በመከልከል እንደሆነ ተነግሯቸዋል። በዚያ ቀን እነዚያን ወታደሮች በዚህ መንገድ የረዳቸው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስል ሙስሊሙ በጠቅላላ ለጣልያን ያደረ አስመስዬ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ቆሞ ጣልያንን የተዋጋው ሶማሊያዊው ዑመር ሰመተር ሙስሊም ነው። ለጣልያን ያደሩ መሳፍንትና ሹማምንት ደግሞ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ እነርሱን ያሳደራቸውም ሹመትና ቂም እንጂ መስጂድ አይደለም። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ያደረውን ሰው «ምን ተሰጠህ?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙ አይለያይም። ያልነበረህን ክብር ሰጠሁህ፤ ያንን ክብር የምታገኘው ግን ከጎረቤትህ ላይ ተነጥቆ ነው የሚል ስጦታ ነው። የሮማይቱ ሴት የተሰጣት «የታላቅ ኢምፓየር እናት» መባልን ነው። ልብስ ሰፊው መለዮውን ተቀበለ፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሚናሬቱን።

እዚህ ላይ «ታዲያ መስጂዱን እምቢ ይበሉ ኖሯል?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። መስጂድ የአላህ ቤት ነው፤ ማንም ይሥራው ማን የሚሰገድበት ለእርሱ ነው። ስጦታን ተቀብሎ የሰጪውን በደል በደል ማለት ይቻላል። የሚከብደው ይህ ነው። ሰው የተቀበለውን ነገር ከወደደ ሰጪውንም መውደድ ይጀምራል፤ ሰጪውን ከወደደ ደግሞ ስለ እርሱ የሚነገረውን ክፉ ወሬ «ጠላት ያወራው ነው» ይላል። በክሮነንበርግ «መሪው አያውቅም ነበር» ያሉት ሰዎች ይህንኑ ነው ያደረጉት። በሱረቱል አሕዛብ መጨረሻ አካባቢ የእሳት ሰዎች ጌቶቻችንንና ታላላቆቻችንን ታዘዝን፣ እነርሱም መንገድ አሳቱን ብለው ሲያመካኙ ተነግሮናል። ያ ሰበብ አላዳናቸውም።

አያቴ ነጋዴ ነበሩ። በጣልያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ። በልጅነቴ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። «ጣልያን ሰው አደረገን» ይሉን ነበር፤ አዛን በአደባባይ እንዴት እንደተሰማ፣ ሹሞቹ በዒድ ቀን እንዴት መጥተው ሰላም እንዳሉ ይነግሩናል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት ስለ የካቲት 12 ተምሬ መጣሁና «አባባ፣ ያን ጊዜ የት ነበሩ?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «በራችንን ቀርቅረን ሦስት ቀን ቤት ተቀመጥን፤ እኛን ማንም አልነካንም» አሉኝ። መስጊዳቸውን እያነሱ «በሁለተኛው ሌሊት ግን ሰው በራችንን አንኳኳ። ድምፁን አውቄው ነበር፤ ጎረቤታችን ነው» አሉ። ተነስተውም ለዒሻ ዉዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

ከፍተውለት እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ሳልጠይቃቸው አረፉ። አላህ ይማራቸው።